ፕሬዝዳንቱና ጄኔራሉ ሲጣሉ፦ የእርስ በርስ ጦርነት ደብዳቤዎችን እንዴት ማንበብ ይቻላል

ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) ማንበብ የጀመረ ሰው ብዙ ገጽ ሳይገልጥ አንድ ጠብ ያጋጥመዋል፤ የፕሬዝዳንት አብርሃም ሊንከንና ከተገነጠለው ደቡብ ጋር የተዋጋውን የሰሜኑን ጦር ይመራ የነበረው የጄኔራል ጆርጅ ማክሌላን ጠብ። ወዲያውም ወገን ይይዛል። አንዱ «ጠበቃ ጦር ሊመራ ገብቶ አበላሸው» ይላል፤ ሌላው «ጄኔራሉ ፈሪ ነበር» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሁለቱም ብያኔዎች መዝገብ ሳይገለጥ የተሰጡ ናቸው።

እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት በመዝገብ ቤት ነው። የአለቆች ኩርፊያ በደብዳቤ ሲመጣ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ የትኛው ዐረፍተ ነገር ለተቀባዩ፣ የትኛው ደግሞ ነገ ፋይሉን ለሚገልጥ ሰው እንደተጻፈ መለየት የዘወትር ሥራዬ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያንኑ ዐይን ይዤ የዚያን ጦርነት ደብዳቤዎች አነባለሁ። ይህ መመሪያ በሲቪል መሪና በጦር አዛዥ መካከል የተነሣን ጠብ ከሰነድ አንብቦ ለመረዳት፣ ለማስተማር ወይም ስለ እርሱ ለመጻፍ ለሚፈልግ ሰው ነው። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሰነድ ፍለጋ አትቸገሩም። የአሜሪካ መንግሥት ከ1880 እስከ 1901 ባሉት ዓመታት የሁለቱንም ወገን የጦር ሪፖርቶች፣ ትእዛዞችና ቴሌግራሞች በ128 ቅጾች አሳትሟል። የሊንከን ደብዳቤዎችም እንዲሁ ተሰብስበው ታትመዋል። ሁሉም በኢንተርኔት በነጻ ይነበባሉ። በጄኔራሎች የሕይወት ማስታወሻ ግን አትጀምሩ። ማስታወሻ የሚጻፈው ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሁሉም ሰው አስቀድሞ ያወቀ ሆኖ ይገኛል። ማስታወሻውን ደብዳቤዎቹን ከጨረሳችሁ በኋላ አንብቡት፤ ምን እንደተዘለለ ለማየት ይጠቅማል።

መጀመሪያ ቀኖቹን በሁለት ዐምድ ጻፉ

አንድ ወረቀት ወስዳችሁ መሐሉን በመሥመር ክፈሉት። በግራ በኩል በጦር ሜዳ የሆነውን፣ በቀኝ በኩል በዋሽንግተን የሆነውን በየቀኑ አስፍሩ። ቀላል ይመስላል፤ ግን አብዛኛው ክርክር እዚህ ላይ መልኩን ይለውጣል።

ለልምምድ የ1862ን መጸው ውሰዱ። በግራ ዐምድ፦ ሴፕቴምበር 17 የአንቲየታም ጦርነት። ከኦክቶበር 10 እስከ 12 የደቡቡ ፈረሰኛ አዛዥ ስቱዋርት የማክሌላንን ሠራዊት ዙሪያውን ዞሮ በሰላም ተመለሰ። ኦክቶበር 26 የማክሌላን ጦር የፖቶማክን ወንዝ መሻገር ጀመረ። በኖቬምበር መጀመሪያ የደቡቡ አዛዥ የጄኔራል ሊ ጦር ክፍል ቀድሞ ደርሶ በማክሌላንና በደቡቡ ዋና ከተማ በሪችመንድ መካከል ገባ። በቀኝ ዐምድ፦ ሴፕቴምበር 22 ሊንከን የባሪያ ነጻነት አዋጁን ቅድመ ማስታወቂያ አወጣ። ኦክቶበር 14 በኦሃዮ፣ በኢንዲያናና በፔንስልቬንያ ምርጫ ተደርጎ የፕሬዝዳንቱ ፓርቲ ብዙ ወንበር አጣ። ኦክቶበር 24 በምዕራብ ግንባር ጄኔራል ቢዩል እንዲነሣ ታዘዘ። ኖቬምበር 4 በኒው ዮርክ ምርጫ ሆነ። ኖቬምበር 5 ማክሌላን እንዲሻር ትእዛዝ ተጻፈ።

ቀኝ ዐምዱን ብቻ ያየ ሰው «ምርጫው እስኪያልፍ ጠብቆ ሻረው» ይላል፤ ተሳስቷል ማለትም አይቻልም። ግራውን ብቻ ያየ ደግሞ «ሊ ስላመለጠው ተሻረ» ይላል። ሊንከን ቆየት ብሎ ለጸሐፊው ለጆን ሄይ እንደተናገረው ያን እንቅስቃሴ በልቡ እንደ መፈተኛ ይዞት ነበር፤ ማክሌላን ሊን ካስመለጠ ሊያነሣው ወስኖ ነበር። ሁለቱ ምክንያቶች አብረው ይኖራሉ። ሹም ሽርን በአንድ ምክንያት የሠራ ባለሥልጣን እኔ እስካሁን አላየሁም፤ ፋይሉ ላይ የሚሰፍረው ግን ምን ጊዜም አንዱ ብቻ ነው።

ይኸው ወረቀት የሲቪሎችን ጥድፊያም ያስረዳችኋል። በ1861 የሰሜኑ ጄኔራል ማክዳወል ወታደሮቹ ገና ጥሬ መሆናቸውን እያሳየ ጊዜ እንዲሰጠው ለመነ። ሊንከን «እናንተ ጥሬዎች ናችሁ፣ እነርሱም ጥሬዎች ናቸው» የሚል መልስ ሰጠ። ጁላይ 21 በቡል ረን ሽንፈት ሆነ። ታዲያ የፕሬዝዳንቱ ችኮላ ከአላዋቂነት ነበርን? ቀኝ ዐምዱን እዩት፤ ኤፕሪል 15 የተጠሩት 75,000 በጎ ፈቃደኞች የተቀጠሩት ለሦስት ወር ነበር። ጄኔራሉ እስኪያሠለጥናቸው ቢጠበቅ ኖሮ ያሠለጠናቸው ሰዎች ቤታቸው ገብተው ያገኛቸው ነበር። አዛዡ ጊዜን የሚቆጥረው በሥልጠናና በስንቅ ነው፤ ሲቪሉ የሚቆጥረው በቅጥር ውል፣ በግምጃ ቤትና በምርጫ ነው። በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ያለውን ርቀት ካገኛችሁ የጠቡን ሥር አግኝታችኋል።

ቁጥር ሲጠቀስ ምን እንደተቆጠረ ጠይቁ

በጦርነት ጊዜ የሚጻፍ የአዛዥ ደብዳቤ ገሚሱ የቁጥር አቤቱታ ነው፦ ሰው ጨምሩልኝ፣ ጠላት በዝቶብኛል። ስለዚህ ቁጥር ባያችሁ ቁጥር ቆም በሉ።

ከሁሉ የሚሻለው የመማሪያ ሰነድ ሊንከን ኤፕሪል 9 ቀን 1862 ለማክሌላን የጻፈው ደብዳቤ ነው። ጄኔራሉ በቨርጂንያ ልሳነ ምድር ላይ ዮርክታውን ፊት ለፊት ቆሞ የሰው እጥረት ያመለክታል። ሊንከን እንዲህ ሲል ይጠይቀዋል፦ የጦር ሚኒስትሩ ከራስህ ሪፖርት አውጥቶ እንደነገረኝ ካንተ ጋር ያሉትና ወደ አንተ በመጓዝ ላይ ያሉት 108,000 ናቸው፤ አንተ ደግሞ ሁሉም ሲደርሱልኝ 85,000 ብቻ ይሆናሉ ትላለህ፤ የ23,000ው ልዩነት የት ገባ?

ይህን ሳነብ የንብረት ቆጠራ ጭቅጭቅ ያነበብሁ ያህል ተሰማኝ። ማንም አልዋሸም ይሆናል። አንዱ በመዝገብ ያለውን ሰው ሁሉ ይቆጥራል፤ ሌላው የታመመውን፣ ጋሪ ነጂውንና ምግብ አብሳዩን ቀንሶ ጠመንጃ ይዞ የሚሰለፈውን ብቻ ይቆጥራል። ክፋቱ ማክሌላን የራሱን ጦር በጠባቡ እየቆጠረ የጠላትን በሰፊው መቁጠሩ ነው። የስለላ ሥራውን የያዘለት አለን ፒንከርተን የሚያመጣለት ግምት እጅግ የተጋነነ ነበር። በዚያው ዓመት በጁን መጨረሻ ማክሌላን 200,000 ጠላት እንደሚገጥመው ለዋሽንግተን ሲጽፍ ሊ የነበረው ሰው ከዚያ ግማሽ አይሞላም ነበር።

ይሁን እንጂ ሚዛኑን አታዛቡ። በዚያው በኤፕሪል 9ኙ ደብዳቤ ውስጥ ሊንከን የሚመልስለት ሌላ የጄኔራሉ ቅሬታ አለ፦ ቃል የተገባለት የማክዳወል ኮር ለዋሽንግተን ጥበቃ ተብሎ ተቀንሶበታል። ሊንከን በበኩሉ ለከተማዋ የተተወላት ከ20,000 የማይሞላ፣ አንድ የመስክ መድፍ ባትሪ እንኳ የሌለው፣ በቅጡ ያልተደራጀ ጦር ነው ይላል። ማክሌላን ግን በሸናንዶዋ ሸለቆ ያለውንም ጦር ከከተማዋ ጠባቂዎች ቆጥሮት ነበር። ወታደራዊ አመክንዮው ደካማ አይደለም፤ ሸለቆውን የያዘ ወደ ዋሽንግተን የሚወስደውን በር ይዟል። ስሕተቱ ሌላ ቦታ ነው፤ አቆጣጠሩን አስቀድሞ ከአለቃው ጋር ቁጭ ብሎ አላስማማም። ይህን ነጥብ ሳትለዩ «ሲቪሎቹ ጦሩን ቀሙት» ወይም «ጄኔራሉ ዋና ከተማዋን አጋለጠ» ብላችሁ አትጻፉ።

ወረቀቱ ለማን ተጻፈ፤ ደረሰስ ወይ?

እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንቆያለን፤ ብዙ ጸሐፊዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነውና።

አራት ዓይነት ወረቀት አለ፦ የተላከና የደረሰ፣ የተላከ ነገር ግን በመንገድ የተለወጠ፣ ተጽፎ ያልተላከ፣ እና ለሌላ ሰው የተጻፈ የግል ደብዳቤ። አራቱን በአንድ ላይ ቀላቅሎ «ተባባሉ» ብሎ መጻፍ በሕይወታቸው ያልተካሄደ ንግግር መፍጠር ነው።

የተለወጠው እንዲህ ያለ ነው። ጁን 28 ቀን 1862፣ እኩለ ሌሊት አልፎ፣ ማክሌላን በሰባቱ ቀናት ውጊያ መካከል ሆኖ ለጦር ሚኒስትሩ ለኤድዊን ስታንተን ረዥም ቴሌግራም ላከ። መደምደሚያው ላይ፣ ይህን ሠራዊት ባድን ለአንተም ሆነ በዋሽንግተን ላለ ለማንም ምስጋና የለብኝም፤ እናንተ ይህን ሠራዊት ለመሠዋት የተቻላችሁን ሁሉ አድርጋችኋል የሚል ቃል ነበረበት። በዋሽንግተን የወታደራዊ ቴሌግራፉ ተቆጣጣሪ ይህን ባየ ጊዜ ደነገጠና የመጨረሻዎቹን መሥመሮች ቆርጦ ቀሪውን ብቻ ለሚኒስትሩ ሰጠ። ሊንከን በዚያው ቀን የመለሰው፣ በማናቸውም መንገድ ሠራዊትህን አድን፤ የቻልነውን ያህል ፈጥነን ረዳት ጦር እንልካለን የሚል ለስላሳ ቃል ነው። ብዙ ሰው ይህን መልስ አንብቦ የፕሬዝዳንቱን ትዕግሥት ያደንቃል። ትዕግሥት ነበረው፤ የዚያን ቀን ግን የታገሠው ያላየውን ስድብ ነው። ጄኔራሉም በፋንታው ያን ያህል ተናግሮ ምንም እንዳልሆነ ሲያይ ምን ሊደመድም እንደሚችል አስቡት። አንድ ተቆጣጣሪ በመቀስ የሠራው ሥራ ሁለት ሰዎችን በተለያየ ታሪክ ውስጥ አኖራቸው።

ያልተላከው ደግሞ ለጄኔራል ሚድ የተጻፈው ነው። ሚድ ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን 1863 በጌቲስበርግ ድል አደረገ፤ ሊ ግን ጁላይ 13 ሌሊት ለ14 አጥቢያ ፖቶማክን ተሻግሮ አመለጠ። ሊንከን ጁላይ 14 ለሚድ ደብዳቤ ጻፈ። ስለ ድሉ ከልቡ ካመሰገነ በኋላ፣ ወርቃማው ዕድል አመለጠህ፤ በዚህም ከመጠን በላይ አዝኛለሁ ይለዋል። ከዚያ አጥፎ በፖስታ ከተተውና በላዩ ላይ ለጄኔራል ሚድ፣ ያልተላከ፣ ያልተፈረመ ብሎ ጻፈበት። ሚድ አላየውም። ሚድ ያየው ዋና አዛዡ ሃሌክ የፕሬዝዳንቱን ቅር መሰኘት የገለጸበትን ቴሌግራም ነው፤ በእርሱም ተቆጥቶ ከአዛዥነት እንድነሣ ይፈቀድልኝ ብሎ ነበር። ስለ ሁለቱ ግንኙነት ስትጽፉ ዋናው ማስረጃ የሃሌክ ቴሌግራም ነው። ያልተላከው ደብዳቤ ስለ ሊንከን ስሜት ይመሰክራል እንጂ በሚድ ላይ ስለሠራው ነገር አንዳች አይነግረንም።

የግል ደብዳቤ ያልሁት ማክሌላን ለሚስቱ የጻፋቸውን ነው። በእነርሱ ውስጥ ፕሬዝዳንቱን በዝንጀሮና በጎሬላ ይመስለዋል። ጣፋጭ ስለሆኑ ሁሉም ይጠቅሳቸዋል። እኔ በቁጠባ ተጠቀሙባቸው እላለሁ፤ ማታ ለሚስት የሚጻፍ ምሬት የፖሊሲ ሰነድ አይደለም። ስለዚሁ ሰው ንቀት ሁሌም የሚጠቀሰው ሌላ ነገር ኖቬምበር 13 ቀን 1861 የሆነው ነው። ሊንከን ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከሱዋርድና ከሄይ ጋር ቤቱ ሄዶ ሲጠብቀው ጄኔራሉ ከሠርግ ተመልሶ በአጠገባቸው አልፎ ፎቅ ወጥቶ ተኛ። ሄይ በዕለት ማስታወሻው መዝግቦታል፤ ሊንከን ስለ ክብርና ሥነ ሥርዓት የምንነታረክበት ጊዜ አይደለም ማለቱንም ጨምሮ። በአንድ መሥመር ጥቀሱትና እለፉ። ከዚህ ምሽት ይልቅ የ23,000ው ሰው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል።

አንድ ነገር ደግሞ አስታውሱ፤ መልስ ያለው ደብዳቤ ብቻውን አይነበብም። ስለ ፈረሶቹ የተጻፈውን ቴሌግራም የማያውቅ የለም። በኦክቶበር 1862 መጨረሻ ማክሌላን የፈረሰኛ ጦሩ ፈረሶች ምላሳቸው እንደቆሰለና እንደደከሙ የሚገልጽ ሪፖርት ለዋሽንግተን አስተላለፈ። ሊንከን መለሰ፦ ስለ ቆሰለ ምላስና ስለ ደከሙ ፈረሶች የላክኸውን አሁን አነበብሁ፤ ከአንቲየታም ጦርነት ወዲህ የሠራዊትህ ፈረሶች የሚያደክም ምን ሥራ እንደሠሩ ብጠይቅህ ይቅር ትለኛለህ? አንባቢ እዚህ ላይ ይስቅና መጽሐፉን ይከድነዋል። እናንተ ግን ገጹን ግለጡ። ማክሌላን ፈረሰኞቹ በቅኝትና በጥበቃ የዋሉትን ዘርዝሮ መለሰ። ኦክቶበር 27 ሊንከን እንደገና ጻፈ፦ በማንም ላይ በደል ለማድረስ አላሰብሁም፤ አድርጌ ከሆነም ከልቤ አዝናለሁ። ወዲያው ደግሞ ቁጥሩን ያስቀምጣል፤ ከአምስት ሳምንት በላይ ሠራዊቱ ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተቻለንን ሁሉ፣ በድምሩ 7,918 ፈረሶች ከላክን በኋላ፣ ፈረሶቹ ከድካም የተነሣ መንቀሳቀስ አይችሉም መባሉ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር፤ ምናልባት ትዕግሥት ማጣት በቃሌ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ፌዙ ታዋቂ ሆነ፤ ይቅርታውና 7,918ቱ ፈረሶች ተረሱ። ስለ ሁለቱ ሰዎች የሚያስተምረው ግን ሁለተኛው ወረቀት ነው።

ጉዳዩ የማን ነበር?

ቀኑን፣ ቁጥሩንና ወረቀቱን ካጣራችሁ በኋላ ብቻ ይህን ጥያቄ አንሡ። በእኔ አስተያየት የሁሉም ቁልፍ ይኸው ነው፦ የሚጣሉበት ነገር ወታደራዊ ነበር ወይስ ፖለቲካዊ? ማን ትክክል ነበር የሚለው ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ሁለት ጄኔራሎችን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ፍሬሞንት ኦገስት 30 ቀን 1861 በሚዙሪ የአማፅያንን ባሪያዎች ነጻ አወጣሁ ብሎ ዐወጀ። ሊንከን ሴፕቴምበር 2 በግል ደብዳቤ አሻሽለው ብሎ በጨዋ ቃል ጠየቀው። ፍሬሞንት እምቢ አለ፤ ከፈለግህ በይፋ እዘዘኝ አለ። ሊንከን ሴፕቴምበር 11 በይፋ አዘዘው። በሜይ 9 ቀን 1862 ደግሞ ጄኔራል ሃንተር በጆርጂያ፣ በፍሎሪዳና በደቡብ ካሮላይና ያሉ ባሪያዎች ነጻ ናቸው አለ፤ ሊንከን በአሥር ቀን ውስጥ ሻረው። የሽረቱን ቃል ልብ በሉት፤ ነጻ ማውጣት ስሕተት ነው አይልም፤ ይህ ጥያቄ የእኔ ኃላፊነት ስለሆነ ለራሴ አስቀርቼዋለሁ ይላል። ጃኑዋሪ 1 ቀን 1863 ያንኑ ነገር፣ ከዚያም በሰፋ መጠን፣ ራሱ ዐወጀ። ስለዚህ «ሊንከን በሃንተር ጊዜ ባርነትን ደገፈ» ብሎ መጻፍ ሰነዱን አለማንበብ ነው። የተጣሉት በወሳኙ ማንነት ላይ ነው።

ማክሌላን ከተቃራኒው ጫፍ ያንኑ መሥመር አለፈ። ጁላይ 8 ቀን 1862 ሊንከን በሃሪሰንስ ላንዲንግ ሊጎበኘው ሲመጣ አንድ ደብዳቤ በእጁ ሰጠው። በውስጡ ጦርነቱ ሕዝብን ለማንበርከክ እንዳይሆን፣ የግል ንብረት እንዲከበር፣ በባርነት ላይ አክራሪ አቋም ቢታወጅ ሠራዊቱ እንደሚበተን ይመክራል። ሊንከን አነበበው፣ አመሰገነ፣ ሌላ ምንም አላለም። እዚህ ላይ ፍትሐዊ ሁኑ፤ አለቃን በግል መምከር አመፅ አይደለም፤ ፍሬሞንት እንዳደረገው በአደባባይ አላወጀም። አዋጁ ከወጣ በኋላም ማክሌላን ኦክቶበር 7 ለሠራዊቱ ባወጣው ትእዛዝ የፖለቲካ ስሕተት ቢሠራ እንኳ መድኃኒቱ ያለው በሕዝብ የምርጫ ድምፅ ብቻ ነው ብሏል። ትእዛዙ የተጻፈው ከምርጫው አንድ ሳምንት በፊት ስለሆነ ጠርጣራ አንባቢ ፈገግ ሊል ይችላል፤ ቃሉ ግን ትክክለኛ የወታደር ቃል ነው። በ1864 ራሱ እጩ ሆኖ ቀረበና በሊንከን 212 ለ21 በሆነ የክፍለ ግዛቶች መራጭ ልዑካን ድምፅ ተሸነፈ።

በሠራዊቱ ውስጥ የነበረውን ጥርጣሬ ለማየት የሻለቃ ጆን ኪ ጉዳይ ፈልጉ። ከአንቲየታም በኋላ የሊ ጦር ለምን አልተያዘም ሲባል ጨዋታው እንዲያ አይደለም፤ ሁለቱም ወገን እስኪደክሙ ይቆዩና በስምምነት ባርነት ይድናል ብሎ መለሰ። ሊንከን ሴፕቴምበር 27 አስጠርቶ ጠየቀውና በዚያው ቀን ከሠራዊቱ አሰናበተው። ወንድሙ በማክሌላን የዕዝ ጽሕፈት ቤት ያገለግል ነበር።

አሁን በ1864 የሰሜኑ ሠራዊት ሁሉ ዋና አዛዥ የሆነውን ጄኔራል ግራንትን ጨምሩ። ኤፕሪል 30 ቀን 1864 ሊንከን ይጽፍለታል፦ የዕቅድህን ዝርዝር አላውቅም፣ ለማወቅም አልፈልግም። ብዙ መጻሕፍት እዚህ ላይ ቆመው «በመጨረሻ ለወታደሩ ሥራውን ተወለት» ይላሉ። ማርች 3 ቀን 1865 የተላከውን ቴሌግራም ከጎኑ ካላስቀመጣችሁ ግን ግማሹን ብቻ ነው የያዛችሁት። ሊ ለመነጋገር ጠይቆ ነበር፤ ግራንት ምን ላድርግ ብሎ ወደ ዋሽንግተን ጻፈ። ሊንከን ራሱ ያረቀቀው፣ ስታንተን የፈረመበት መልስ፣ ከሊ ጦር እጅ መስጠት ወይም ከጥቃቅን ወታደራዊ ጉዳይ በቀር ከሊ ጋር አትገናኝ፤ ማናቸውንም የፖለቲካ ጥያቄ አትወስን፣ አትወያይ፣ አትመካከርበት፤ እነዚህን ፕሬዝዳንቱ በእጁ ይዟቸዋል ይላል። ሜዳው ሙሉ በሙሉ ለግራንት ተትቷል፤ ፖለቲካው ሙሉ በሙሉ ተነፍጎታል። ግራንት የተስማማው ከማክሌላን ይልቅ ታዛዥ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ድንበሩን ከመሻገሩ በፊት ይጠይቅ ስለነበረም ነው።

የሽረቱ ወረቀት እንዴት ደረሰ?

ትእዛዙ የሚደርስበት መንገድ ሲቪሉ የፈራውን ነገር ያሳያችኋል። የፍሬሞንት መሻሪያ በኦክቶበር 1861 ሲላክ አቀባዩ፣ ጄኔራሉ ውጊያ አድርጎ አሸንፎ ከሆነ፣ ወይም በውጊያ ላይ ከሆነ እንዳይሰጠው ተነግሮት ነበር። ፍርሃቱ የሕዝብ አስተያየት ነው። የማክሌላንን የያዘው ጄኔራል ቡኪንግሃም ደግሞ በኖቬምበር 7 በበረዶ ወጀብ ተጉዞ መጀመሪያ ወደ ተተኪው ወደ በርንሳይድ እንዲሄድ፣ እርሱ ካልተቀበለ እንዲመለስ ታዞ ነበር። ፍርሃቱ ሠራዊቱ ነው። ማክሌላን ግን ወረቀቱን አንብቦ ዕዙን አስረከበ፤ ሲሰናበታቸውም ወታደሮቹን ከእኔ ጋር እንደቆማችሁ ከበርንሳይድ ጋር ቁሙ አላቸው።

ሦስተኛ ወገን መኖሩንም አትርሱ። ኮንግረሱ በዲሴምበር 1861 ያቋቋመው የጦርነቱን አካሄድ የሚመረምር የጋራ ኮሚቴ ጄኔራሎችን እየጠራ ይመረምር ነበር። ጄኔራል ቻርልስ ስቶን በቦልስ ብላፍ ሽንፈት ምክንያት ተይዞ ክስ ሳይመሠረትበት ለ189 ቀናት ታሰረ። ከዚያ በኋላ የተጻፉ የአዛዦች ሪፖርቶችን ስታነቡ ይህን ፍርሃት ከጀርባቸው አስቡት።

የወታደር ዕውቀት ያለው መሪ

«ሊንከን ወታደር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር» የሚል ካጋጠማችሁ ወደ ደቡብ ላኩት። የደቡቡ ፕሬዝዳንት ጄፈርሰን ዴቪስ በ1828 ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ የተመረቀ፣ በጦር ሜዳ የተዋጋ፣ ከ1853 እስከ 1857 የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው። ከራሱ ጄኔራል ከጆሴፍ ጆንስተን ጋር የተጣላው ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ በማዕረግ ቅደም ተከተል ነው፤ ጆንስተን አራተኛ መደረጉን ተቃውሞ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1861 ረዥም አቤቱታ ጻፈ፤ ዴቪስ በሁለት ቀን ውስጥ ክርክርህ አንድ ወገን ብቻ የያዘ፣ ሽሙጥህም መሠረት የሌለውና የማይገባ ነው ብሎ በጥቂት መሥመር መለሰለት። ቂሙ አልበረደም። በጁላይ 1864 የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን አትላንታ ሲደርስ ዴቪስ ዕቅድህን ንገረኝ አለው፤ ጆንስተን ዕቅዴ በጠላት ዕቅድ ላይ የተመሠረተ ነው ብሎ መለሰ። በማግሥቱ፣ ጁላይ 17፣ ተሻረ። ተተኪው ሁድ ወዲያው አጠቃ፣ ሠራዊቱን አደከመ፣ ሴፕቴምበር 2 ከተማዋም ወደቀች፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው ነገሩ። የሁለቱን ፕሬዝዳንቶች ደብዳቤ ስታወዳድሩ ልዩነቱ ፈጥኖ ይታያችኋል፤ ሊንከን ሲጽፍ እንዲንቀሳቀሱለት ይፈልጋል፣ ዴቪስ ሲጽፍ ደግሞ እርሱ ትክክል እንደነበረ እንዲታወቅለት ይፈልጋል።

ራሳችሁን ፈትኑ

እስካሁን ያነበባችሁትን በአንድ ጉዳይ ላይ ሥሩበት። ኤፕሪል 18 ቀን 1865፣ ሊንከን በተገደለ በቀናት ውስጥ፣ ሸርማን በሰሜን ካሮላይና ከጆንስተን ጋር ስምምነት ፈረመ። በውሉ የደቡብ ክፍለ ግዛት መንግሥታት ሹማምንቶቻቸው ሲምሉ ዕውቅና ያገኛሉ፤ ወታደሮቹ መሣሪያቸውን በየክፍለ ግዛታቸው ያስቀምጣሉ፤ የፖለቲካና የንብረት መብት ይጠበቃል። ኤፕሪል 21 የአዲሱ ፕሬዝዳንት የአንድሩ ጆንሰን ካቢኔ ውሉን አልቀበልም አለ፤ ግራንት ራሱ ሄዶ ለሸርማን ነገረው፤ ኤፕሪል 26 በወታደራዊ እጅ መስጠት ብቻ የተወሰነ ሌላ ውል ተፈረመ። ስታንተን ምክንያቶቹን በጋዜጣ አወጣ፤ ሸርማን ሜይ 24 በታላቁ የድል ሰልፍ ላይ ሚኒስትሩ የዘረጋለትን እጅ አልጨበጠም።

ሁለቱን ዐምድ አዘጋጁ። በማርች 27 እና 28፣ ሸርማን በሲቲ ፖይንት መርከብ ላይ ከሊንከን ጋር የተነጋገረበትን ስብሰባ በቦታው አስገቡ፤ እዚያ ምን እንደተባለ ሸርማን በኋላ የጻፈውንና የሌሎቹን ቃል ለየብቻ አስቀምጡ። የውሉን አንቀጾች አንድ በአንድ ወታደራዊና ፖለቲካዊ እያላችሁ ምልክት አድርጉባቸው። በመጨረሻም ስታንተን በጋዜጣ ካወጣቸው ወረቀቶች ጋር ለግራንት የተላከውን ያንን የማርች 3 ቴሌግራም እንዳተመ ታገኛላችሁ፤ ሸርማን ደግሞ ያ ትእዛዝ ለእኔ አልተላከም ይላል። ከ128ቱ ቅጾች ውስጥ የሁለቱን ቃል አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡና ብያኔውን ከዚያ በኋላ ጻፉ።